ሳይቆረጥ የተዘረጋው የቀርከሃ ምንጣፍ

የካቲት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እጄ በቀርከሃ ስንጥር ተበሳስቷል፤ ጽሑፌ ካላማረ ታገሺኝ፣ ደብተሬ። ምንጣፉ ዛሬ ኮርኒስ ሊሆነን ጣሪያው ሥር ወጣ። በቤቱ ጫፍ አንድ ቆርቆሮ አንስተን ጥቅልሉን አስገባነው። እኔ እላይ አግዳሚው እንጨት ላይ በደረቴ ተኝቼ እጎትታለሁ፣ ጎረቤቴና የአገሬ ልጅ ሰርካለም ከታች ትገፋለች። ላብ በላብ። ስንስቅ እማዬ በር ላይ ሆና ትቆጣናለች።

ቤቱን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። አምስት ክፍል በመደዳ፣ የድሮ ጭቃ ቤት፣ አንድ ጣሪያ ለሁላችን። ግድግዳዎቹ የኮርኒስ ቁመት ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ። ከዚያ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው፤ የአንዱ ሙቀት ለሁሉም ይደርሳል። የእኔ የዳር ክፍል ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን ይጠብሰዋል። ማንም ስላልፈለገው ነው ለአዲስ መጪ መ/ርት የደረሰኝ። መብራት ዛሬም የለም። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ነው፣ የእኔ ቬንትሌተር ግን ገና ወሬውን አልሰማም።

መከራዬን የማየው ለእማዬ ነው። ዶ/ሩ፦ ግፊቷ ሙቀት አይችልም፣ ወይ ቤቱን አቀዝቅዢ ወይ ወደ ደጋ መልሻት ብሏል። ሞጣ ማን አላት? ባለፈው ክረምት ጓዳ ወድቃ ያገኛት ጎረቤት ነው። አልመልሳትም።

ምንጣፉን የሠራልን የባምባሲው አብዱራህማን ነው። ስናዘው አንድ ነው ሁለት ብሎ ጠየቀ። እኔ ለየክፍላችን አንድ አንድ ልል ስል ሰርካለም ቀደመችኝ፦ «ምን ያስቆርጠዋል? እኛ አንድ ቤት አይደለን?» ደስ አለኝ። ስለዚህ ከእኔ ክፍል ተነስቶ በጋራ ግድግዳችን ላይ አልፎ የእሷ ክፍል ጫፍ ድረስ አንድ ወጥ ምንጣፍ ነው።

የካቲት 16

ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ሞልተን ምንጣፉ ላይ ደረደርን። ቆርቆሮውን ኖራ ቀባን። በከሰዓቱ ግድግዳ በኩል ዳስ ጣልኩ፣ ቅል ተከልኩበት። አልቋል።

እማዬ ዛሬ በቀትር ተኛች። በቀትር! ነጠላዋን ሳብ አድርጋ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

ሰርካለም መጥታ ክፍሉ መሃል ቆመች፣ ወደ ኮርኒሱ አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። የእኔም እንዲህ ቀዝቅዟል አለች። ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። እሷና እጮኛዋ ከተማ መሃል ቤት እየፈለጉ ነው። መራቋ ከአሁኑ ከፍቶኛል።

መጋቢት 2

አከራያችን ጋሽ ይማም መጡ። አንገታቸውን ደፍተው። የዳር ክፍሌ ይፈለጋል አሉ፤ ከጎኑ ጋር በር ተከፍቶለት ለባለትዳር ይሆናል። ለእኔ አምስተኛው ክፍል አለ። መጸዳጃው አጠገብ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ባዶ ቆርቆሮ።

ከጎኑ ያለው ክፍል የማን ነው? የሰርካለም።

የለም። ተሳስተው ይሆናል። ሳትነግረኝ አታደርገውም። በአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች ነን።

መጋቢት 3፣ ጠዋት

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ወሎዬ ናቸው፣ በሰፈራው ጊዜ በልጅነታቸው የመጡ፤ መዋሸት አይችሉበትም። ሰርካለም ከሥራው በኋላ ሐሳብ መጥቶላት ነው እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። እሱን ይቅር እል ነበር ይመስለኛል።

«ኧረ ወላሂ ከጥምቀት በፊት ነው የጠየቀችኝ። ኮርኒሱን አሠርተን ሁለቱንም እንይዛለን ስትል፣ ያው ተስማምታችሁ መስሎኝ እሺ አልኩ።»

ከጥምቀት በፊት። ቀርከሃው ገና ሳይታዘዝ።

ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

በዚሁ ቀን፣ ማታ

«እኛ አንድ ቤት አይደለን» ስትል ክፍሎቹን እየለካች ነበር። እኔ ፍቅር መስሎኝ። ጅል። ኮርኒስ ላይ ተኝቼ በሳል ስታነቅ፣ ውሃ አቀበለችኝ እኮ። ያ ውሃ ነው ያቃጠለኝ።

መጋቢት 5

አነጋገርኳት። በሩን በግማሽ ከፍታ። አላለቀሰችም፣ አላፈረችም። ጋሽ ይማም ለሌላ ሰው ከሚሰጡት እኔ ብይዘው ምን አለ አለችኝ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ እኔ ትዳር እየመሠረትኩ ነው አለች። ብቻዬን! እማዬ ከኋላዬ ቆማ እየሰማች። ደግሞም ዝውውር ጠይቀሽ የለም ወይ አለችኝ። ዝውውሩን በምስጢር የነገርኳት እሷን ብቻ ነው። መከልከሌንም ታውቃለች።

እማዬ ሻንጣዋን አውጥታ አልጋ ላይ ከፈተች። ሞጣ እሄዳለሁ ትላለች፤ በእኔ ሰበብ ከአገር ልጅ አትጣዪ። አምስተኛውን ክፍል ሄዳ አይታዋለች። ከዚያ ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ግድግዳ ይዛ ነው የመጣችው።

ጠላኋት። ሰርካለምን ጠላኋት፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ከጋሽ ይማም ተመለስኩ። ምንጣፉንስ አልኳቸው። ያሠራሽው ያንቺ ነው፣ ውሰጂው አሉ። ሰጋቱራውንም። አምስተኛው ክፍል ከእኔው እኩል ነው፤ ልክ ይሆናል። ዳሱን ነቅዬ እወስዳለሁ። ቅሉ ይቅር፤ ሥር ሰዷል።

ሰርካለም ሰምታ መጣች። ቆርጠሽ ምን ታተርፊያለሽ፣ ሁለቱም ይበላሻል፣ ከእኔ በኩልም ይተረተራል አለች። ይተረተራል፣ አዎ። ለዚህ ነበር አብዱራህማን አንድ ነው ሁለት ብሎ የጠየቀን። የዳሩ ክፍል ደግሞ ድሮ እንደነበረው ይሆናል፤ ባዶ ቆርቆሮና የከሰዓት ፀሐይ። ሙቀቱ በግድግዳው ላይ አልፎ ወደ እሷም ይገባል። ይህን ታውቃለች፣ ኬሚስትሪ ናት የምታስተምረው። ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

የእሷን ግማሽ አልነካም። ግን በግድግዳው ልክ እቆርጠዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ጣት አላልፍም፣ ወዲህም አንድ ጣት አልተውም።

መጋዝ ተውሻለሁ። እማዬ ሻንጣዋን ዘግታ አልጋ ሥር መለሰችው። አሁን ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መሰላሉን ይዛልኛለች፣ «ነይ፣ ወደ ላይ ውጪ እንጂ» እያለች ነው።