የእኔ ስድስት፣ የናሆም ሁለት

ይድረስ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤት፣ ለኔትወርክ ደኅንነት ክፍል ኃላፊ ለተከበሩ አቶ ባንተይርጋ
ከሚሴ

የተከበሩ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የመላ ቤተሰብዎንና የሰርቨርዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና የሆነችው እኔው መሆኔን ክፍልዎ እስኪያጣራ ድረስ፣ ለጊዜው ደህና ነኝ።

ሰዒዳ አደም እባላለሁ። በመዝገብ ክፍሉ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከጨፋ ሮቢትና ከዙሪያዋ የሚመጡ ገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በእርስዎ ፊርማ ከሥራ ታግጃለሁ። ደብዳቤዎ እንደሚለው የኮምፒውተሬን የሃርድዌር አድራሻ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ ያ ሰው፣ ምናልባትም የመሬት ደላላ፣ እኔን መስሎ ወደ መዝገቡ ሊገባ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሮ ተከልክሏል። የፊታችን ረቡዕ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ ልባረር ወይስ ልመለስ የሚለውን ይወስናል። አንድም ቀን አይቼው የማላውቀውን ተባባሪዬን ስላስተዋወቁኝ እያመሰገንሁ፣ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ቅሬታዬን በትሕትናና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር እንዲገባው ልዘርዝረው፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲወጣ ስድስት ጥንድ ቁጥር ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካው ናቸው፤ የቀሩት የራሱ። ይህ አድራሻው ነው። የሰርቨሩ ኔትወርክ ድራይቨር፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ በዕለቱ የተከፈቱትን ኮምፒውተሮች አድራሻ ከተመዘገቡት ጋር ያነጻጽራል። ቀድሞ ጥንድ በጥንድ፣ ስድስት ጊዜ ነበር የሚያነጻጽረው። በመንፈቅ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ኮዱን በግድግዳ ላይ አሳይተው እንዳስረዱን፣ ክፍልዎ ይህን አሻሽሎ ስምንት ጥንድ በአንድ ጉርሻ እንዲያነሳ አደረገ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ፎቶም አንስቻለሁ። በዚህ ማሻሻያ የተረፈው ጊዜ የዓመቱ ቢጠራቀም አንድ ሰው ለማስነጠስ ይበቃው እንደሆነ አላውቅም፤ ይበቃው ከሆነ ግን ይማርዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ትርፉ። አድራሻ ስድስት ነው። ጉርሻው ስምንት ነው። ሁለቱ የማን ናቸው?

አብዝቶ ማንሳቱ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚያውቁበት ሰዎች ስምንት አንስተው፣ ሁለቱን ጥለው፣ በቀረው ስድስት ይፈርዳሉ። ፎቶውን አስፍቼ ሦስት ቀን አየሁት። የሚጥለው መስመር የለም። አድራሻዎቹ ደግሞ ያለ ክፍተት ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት፤ ስለዚህ ሁለቱ ትርፍ የቀጣዩ ሰው መነሻ ጥንዶች ናቸው። በአድራሻ መዝገብዎ ላይ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ናሆም ነው፤ በወንበርም ጎረቤቴ ነው። በዕለቱ ዝርዝር ላይ ግን ከእኔ ቀጥሎ የሚሰፍረው ከእኔ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ጨረታ የተገዙ፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ መነሻ ጥንዶቻቸው አንድ ነው፤ ከእነሱ መካከል ማንም ማንንም ቢከተል ልዩነት የለውም። የናሆም ብቻ ከድሮ የቀረ፣ የሌላ ፋብሪካ ነው። እንግዲህ እኔ ሰዒዳ የምሆነው ናሆም ሲከተለኝ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከተከተለኝ፣ ሰዒዳን የምመስል ሌላ ነኝ። ናሆም ከኋላው የከፈተበት ሌላ ሰውም እንዲሁ ራሱን የሚመስል ሌላ ነው።

ይህንን ለናሆም ባስረዳሁት ጊዜ ሳቀ። «እኔ ካላበራሁ የለሽም ማለት ነው? በይ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን ትችያለሽ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙከራው። አዲሱ ድራይቨር ሥራ በጀመረ ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም በአድራሻ መዝገብዎ ባለው የስም ተራችን አንድ በአንድ ኮምፒውተራችንን እንድንከፍት ሰርኩላር በተኑልን። ከፈትን። ሁሉም አለፈ። ሰው ሁሉ በተራው ሲቆም ማን ማን እንደሆነ ማወቅ እንዴት ቀላል ነው! ያን ሰርኩላር የጻፈው ሰው ሥራውን ይፈትን ነበር ወይስ እኛን፣ እስካሁን አልተገለጸልኝም።

አራተኛ፣ ስለ ዓርብ። ደብዳቤዎ ከአሥራ አንዱ ክልከላ ዘጠኙ ዓርብ ከምሳ በኋላ መሆናቸውን አስተውሏል፤ እኔ መስጊድ ሳለሁ ሌላ ሰው በቦታዬ እንደሚቀመጥም ገምቷል። አስተዋይነትዎን አደንቃለሁ። ቀኖቹን በወረቀት ጽፌ ለብቻዬ አየኋቸው። በመመሪያው መሠረት ለምሳ ስንወጣ ሁላችንም ኮምፒውተራችንን እንዘጋለን። ናሆም ዓርብ ምሳውን እዚያው በልቶ ከሁሉ ቀድሞ ይከፍታል። እኔ ከጁምዓ ተመልሼ ከእሱ በኋላ እከፍታለሁ። የቀሩት ሁለቱ ቀኖች ናሆም ለልኬታ ጨፋ ሮቢት የወረደባቸው ናቸው። በሌላው ቀን ሁሉ እኔ እከፍታለሁ፣ ናሆም ይከተለኛል፤ ክልከላም የለም። በቦታዬ የተቀመጠ ሰው የለም። ከኋላዬ የጎደለ ሰው ነው ያለው።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም። ለማን እንደሚቀርብም አላውቅም። ከመታገዴ በፊት በነበሩት ሳምንታት መሳቢያዬን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ፣ ተመልሼ እጎትተው ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ አይደለሽም የተባለ ሰው አሥራ ሁለተኛውን ራሱ ይጨምርበታል። አንድ ዓርብ በእርግጥ የት ነበርሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ከሶላት በኋላ ጫማዬን ያቀበለችኝን ሴት ፊት ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ምናልባት ምስክር ታስፈልገኝ ይሆናል ብዬ። ፊቷ አልመጣልኝም። የበሩ ጥበቃ ዓብዱ በየጠዋቱ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ሲል «አካም ቡልቴ ሰዒዳ? ዛሬስ አንቺው ነሽ?» ይለኝ ነበር። ለቀልድ ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንሽ ቆም እል ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ረቡዕ ዕለት ኮሚቴው ቃሌን ከመስማቱ በፊት በመዝገብ ክፍሉ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። መጀመሪያ እኔ ልክፈት፣ ናሆም ይከተለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዘግተን ናሆም ይቅደም፣ እኔና ሌላ ሰው እንከተል። በመጀመሪያው ሰዒዳ ሆኜ በሁለተኛው ደላላ ከሆንሁ፣ በመካከሉ የተለወጠው ምን እንደሆነ ኮሚቴው ይጻፍልኝ። ሁለቱን ትርፍ የሚጥለውን አንድ መስመር ኮድም ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ፍጥነቱ አይቀንስም፤ ጭብጨባውም የእርስዎ ሆኖ ይቀራል።

በቢሮዎ መስኮት በኩል ባልፍ ማን መሆኔን እንደማይጠራጠሩ ተስፋ እያደረግሁ፣ ለጥበቃዎ፣ ለጥንቃቄዎና ለፍጥነትዎ ያለኝን የማይነጻጸር አክብሮት እገልጻለሁ።

ሰዒዳ አደም
(በስድስቱም)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የሳምንቱ የክልከላ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አነበብሁ። እኔ ከታገድሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከናሆም ፊት ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱት እርስዎ ኖረዋል፤ ሰኞም ማክሰኞም ተከልክለዋል። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ፣ ባለፉት ሳምንታት ዝርዝሮች፣ በእኔ አንጻር በእጅ ጽሕፈት «ማንነቱ ያልታወቀ ሰው» ተብሏል። በእርስዎ አንጻር፣ በዚያው እጅ፣ «መብራት ተቆራርጦ» ይላል። ሰኞና ማክሰኞ ከሚሴ መብራት አልጠፋም። ደላላዎ ማን እንደሆነ ግን አልጠይቅዎትም።