በዚያ ጠዋት ፈገግ ያልኩ ለመሰለዎት ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣ የዓመታዊው የደግነትና የፈገግታ ቀን መሥራችና የበላይ ጠባቂ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ለፊትዎ በግራም በቀኝም እኩል የሚታዘዝ ጡንቻን ከልብ እመኛለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት ግር ካለዎት እባክዎን ትንሽ ይታገሡኝ፤ እኔም እርስዎን ስታገሥ ዓመታት አልፈዋል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ለዘንድሮው በዓል የታተመው በራሪ ወረቀት ነው። በዚያ ላይ «ቀኑ እንዴት ተወለደ» በሚል ርእስ እንደተተረከው፣ ክቡርነትዎ ሥራ በጀመሩበት ሰሞን የታካሚዎች ካርድ በሚወጣበት ክፍል በኩል ሲያልፉ፣ አንድ ተገልጋይ መስኮቱን እየደበደበ ሲሳደብ፣ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ግን በፈገግታና በደስታ እንባ ስታስተናግደው አይተው ልብዎ ተነካ፤ እዚያው እንደቆሙም ይህ ፈገግታ በዓመት አንድ ቀን ሊከበርለት ይገባል አሉ። ድርሰቱ ያምራል። ሠራተኛዋ እኔ ነኝና፣ ታሪኩን ወደፊት ለሚጽፉ ይረዳ እንደሆነ ጥቂት እርማቶችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክቡር ሆይ፣ ያ ፈገግታ አልነበረም። በዚያ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ የፊቴ ግራ ጎን በድን ሆኖ፣ አፌ ወደ ቀኝ ተስቦ ነበር። ስጉመጠመጥ ውሃው በአገጬ ይወርዳል፤ ግራ ዓይኔም አልከደን ብሎ ያለማቋረጥ ያነባል። ማታ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን ስላደርን፣ እሱ ገና ሲያየኝ «ደግሞ በጠዋቱ ታሽሟጥጪብኛለሽ?» ብሎ በሩን በላዬ ዘግቶ ወጣ። ላስረዳው ብሞክርም ከአፌ የሚወጣው ቃል የእኔ አይመስልም ነበር። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነውና፣ ከእኔ ይልቅ ለሐኪም የቀረበ ማን አለ ብዬ ተጽናናሁ። አለቃዬ ግን የሚተካኝ ሰው ስላጣ «እስከ ሻይ ሰዓት ብቻ እንደምንም ያዢልኝ፣ የኔ እህት» አለኝ፤ ይህንንም ያለኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው።

እርስዎ ከነአጃቢዎችዎ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ሰውየው የሚጮኸው የልጁ ካርድ ስለጠፋበት ነበር፤ እኔም አንድ ነገር ልለው እየታገልኩ ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኛል። እርስዎ እጄን ጨብጠው «አያችሁ? እየተሰደበች ትስቃለች!» ሲሉ፣ አሞኛል ልልዎት ሞከርኩ፤ የወጣልኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር። «ልቧ ተነክቶ መናገር አቃታት» ብለው ፎቶ አንሺውን ጠሩት። ሁሉም አጨበጨበ። ሰውየውም ግራ ገብቶት ጩኸቱን ተወና አብሮ አጨበጨበ፤ የልጁ ካርድ ተገኝቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለሰጡኝ ክብር እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሕክምናዬን ያዘገየው እሱ ነውና። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሳቂታዋ» ከመስኮቷ እንዳትጠፋ ስለታዘዘ፣ ያ የሻይ ሰዓት ሳይደርስ ሳምንታት አለፉ። ሐኪሞቹ በኮሪደሩ ሲያልፉ «በርቺ!» ይሉኛል። የነርቭ ስፔሻሊስቱ እንኳን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አጠገቤ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፎቶው ላይ እሳቸውም እንደ እኔ አፋቸውን ወደ ቀኝ ለማድረግ ሞክረዋል። በመጨረሻ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ሐኪም የበሽተኛ ካርድ ልትጠይቅ መጥታ ትንሽ አየችኝና «እስቲ ሁለቱንም ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። አንዱ ብቻ ተጨፈነ። «እዚሁ ቁጭ ብለሽ? እኛ መሀል?» ብላ አፏን ያዘች። የፊት ነርቭ ሽባነት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጀመር ኖሮ የተሻለ ይረዳ እንደነበርም ነገረችኝ። ፊቴ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ክፍቱን የከረመው ግራ ዓይኔ ግን ደርቆ ቆስሎ ነበርና፣ ዛሬም በእሱ ሰው የማየው እንደ ጉም ነው። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ሌላ ነገር አይምሰልዎት።

ሦስተኛ፣ ፊቴ በመዳኑ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ላደረስኩት ጉዳት ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም። ከዳንኩ ወዲህ በየግምገማው «ፈገግታዋ ቀንሷል» ይባልብኛል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ በሯን ዘግታ «እንደ ድሮው ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጊው፤ ምን ችግር አለው?» ብላ መክራኛለች። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬዋለሁ። ባለቤቴ አይቶኝ «ተይው በሞቴ፤ ያን ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈልግም» አለና ከክፍሉ ወጣ።

አራተኛውና ደብዳቤዬን በአደባባይ እንዳደርገው ያስገደደኝ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። እንደሚያውቁት የበዓሉ ኮሚቴ ዋናው በር ላይ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ ለሚገባ ሁሉ ደረቱ ላይ ባጅ ያደርግለታል፣ ፎቶም ያነሣዋል። አንዲት ሴት አፏን በሻርፕ ሸፍና መስኮቴ ጋ ደረሰች፤ ደረቷ ላይ «የዕለቱ ምርጥ ፈገግታ» የሚል ባጅ አለ። ስሟን ብጠይቃት መናገር አቃታት፤ ሻርፑን ዝቅ አደረገችልኝ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ዓይኗ ያነባል። ለካስ ከበሩ ላይ ተቀብለው፣ አጨብጭበው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ለበዓሉ ዝግጅት ልምምድ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋት፣ ሐኪም ፍለጋ የመጣችው ሴት ግማሽ ቀን ሙሉ ሲጨበጨብላት ውላለች። አፏን የሸፈነችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከጎኗ ግድግዳው ላይ በዚያ ጠዋት የተነሣሁት ትልቁ ፎቶዬ ተሰቅሏል። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና እሱን አየች። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያች ሐኪም በቀር አንድም የሥራ ባልደረባዬ ያላየውን በአንድ ጊዜ አየችው፤ በተኮላተፈ አንደበቷም «ዳንሽ?» አለችኝ። አለቀስኩ። መስኮቱን ዘጋሁና እጇን ይዤ ነርቭ ክፍል አደረስኳት። የተሰለፈው ሰው ተቆጣ፤ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

መስኮት ጥዬ በመሄዴና «የበዓሉን መንፈስ በማይመጥን ፊት» በመታየቴ ቤዝመንት ወዳለው የአሮጌ ካርዶች ማከማቻ እንድዛወር ተወስኖብኛል። ውሳኔው የሚነሣልኝ በበዓሉ ዕለት መድረክ ላይ ወጥቼ ያን የመጀመሪያውን ፈገግታ ለእንግዶች ካሳየሁ ነው ተብያለሁ። ክቡርነትዎ ማከማቻውን የማየት ዕድል ስላልገጠመዎት ልንገርዎት፤ መስኮት የለውም፣ አምፖሉም ሲፈልግ ነው የሚበራው። እዚያ ቁጭ ብዬ በቀረችኝ አንዲት ደህና ዓይን የሐኪም ጽሑፍ ስለቅም ልውል ነው። ፈርቻለሁ። ይህችም ከደከመችብኝ ምን ሠርቼ እኖራለሁ?

ቢሆንም መድረኩ ላይ አልወጣም። ያን ፊት የማመጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም። ውረጂ ካሉኝ እወርዳለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶዬን ከግድግዳው እንዳያወርዱት። ከሥሩ «ፈገግታ ምንም አያስከፍልም» የሚለው ብቻ ይፋቅና በምትኩ «ፊትዎ ድንገት እንዲህ ከሆነ ሳይሰለፉ ዛሬውኑ ሐኪም ይዩ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። በሩ ላይ ላሉት ባጅ አዳዮችም ይህንኑ አንድ ሰው ያስረዳቸው። የደግነት ቀን የተጀመረው ያን ዕለት ነው ከተባለ፣ እኔም ከቤዝመንት ወጥቼ አጨበጭባለሁ።

ግራና ቀኝ ከንፈሮቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል የተስማሙበትን የላቀ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ በታዘዝኩበት ፎቅ ሁሉ ትሑት አገልጋይዎ ሆኜ የምቀር፣

የካርድ ክፍል የመስኮት ሠራተኛ፣
የቀድሞዋ ሳቂታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሴትየዋ ፎቶ ለሚመጣው ዓመት ፖስተር መመረጡን ሰምቼ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ። በመጣችበት ዕለት መድኃኒት ስለጀመረች ግን ፊቷ እየተመለሰ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከፎቶዋ ጋር ጨርሶ ላትመሳሰል ትችላለች። መንገድ ላይ አግኝተዋት ፈገግ ካላለችልዎት፣ እሷ የእርስዎ ሠራተኛ ስላልሆነች የትም ሊያዛውሯት እንደማይችሉ ከወዲሁ በአክብሮት አሳስባለሁ።