ግራ እግሬና የመኪናችን ፍሪሲዮን

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? እትዬስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ትበላለች፣ እንቅልፍስ ይወስዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ወጉም ይኸው ነው። ዛሬ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

በሞቴ ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ቤት ውስጥ እንዳታነበው። የእኔ ደብዳቤ ሲደርስ ሁላችሁም እማዬ ወንበር ዙሪያ ሰብሰብ እንደምትሉና አንተ ጮክ ብለህ እንደምታነብላት አውቃለሁ። ፖስታው ውስጥ ሌላ አጭር ወረቀት አለልህ፤ ስለ ሥራዬና ስለ አየሩ ነው፣ እሱን አንብብላት። ይሄኛውን የጭነት መኪናህ ውስጥ ገብተህ፣ በሩን ዘግተህ ለብቻህ አንብበው። ፈርቻለሁ። የፈራሁትም ለግራ እግሬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመኪናችን ነው። ባለቤቴ አምና የገዛትን ትንሽ መኪና ነግሬህ ነበር። የቀድሞው ባለቤቷ ጥጋበኛ ነበር መሰለኝ፣ ሞተሯን አስነክቶ ከተሠራችበት በላይ ጉልበት አስጨምሮባታል። የኔው ጉድ ይህን ሲሰማ ጥርሱን መክደን አቃተው። እሱ ግን የሚነዳት በእረፍቱ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ባዶ መንገድ ፈልጎ። በሥራ ቀን የምነዳት እኔ ነኝ። ከልብስ ማጠቢያ ቤታችን የታጠበ አንሶላና ፎጣ በትልልቅ ከረጢት ጭኜ ለየሆቴሉ አደርሳለሁ፤ የቆሸሸውን ይዤ እመለሳለሁ። መንገዱ መብራት በመብራት ነው፣ ቁም ተነስ፣ ቁም ተነስ ሲያሰኘኝ ይውላል።

ባለፈው ወር ታዲያ በግራ እግሬ የምረግጠው ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ። አንተ ዕድሜህን መሪ ላይ የጨረስክ ሰው ነህ፣ አላስተምርህም። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ፍንክች አትልም፤ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሊበጥሰው ይደርሳል። ዳገቱ ላይ ከኋላዬ ያለው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ውሃ ሆንኩ። ማታውኑ ለባለቤቴ ፍሪሲዮን ካልተቀየረ ቁልፉን አልነካም አልኩት።

የሰፈራችንን መካኒክ ሰው ሁሉ ቀስ በል እያለ ነው የሚጠራው። የገባውን ደንበኛ ሁሉ ቀስ በል ስለሚል ነው እንጂ፣ እሱ ራሱ ወሬ ከጀመረ ቀስ የሚያሰኘው የለም። ሁለት ፍሪሲዮን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። አንደኛው የውድድር ነው፤ ሙሉ ሸራ የለውም፣ ፊቱ ላይ ጥቂት ብረት መሰል ቁርጥራጮች ተለጥፈውበታል፣ ሞላውም ደረቅ ነው። ሌላው እንደ ወትሮው ሙሉ ሸራ የለበሰ ሆኖ ሞላው ብቻ ጠንከር ያለ ነው። ሁለቱም የዚህን ሞተር ጉልበት ይችላሉ አለ። የመጀመሪያው ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንዴ ተነስቶ ለሚሄድ እንጂ ቆሞ ለሚነሳ ሰው አይሆንም አለን። ቀጥሎም መኪናዋን ማን ነው የሚነዳት ብሎ ጠየቀ። እኔ በዚያች ደቂቃ አንድ ከረጢት ፎጣ ጠፋብን ከሚል ሆቴል ጋር በስልክ ልጨቃጨቅ ውጭ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ እኔ ነኝ አለዋ! ስመለስ ነገሩ አልቋል፣ የውድድሩ ተመርጧል።

ጋሼ፣ ፔዳሉን ስረግጥ ግድግዳ የምገፋ ነው የመሰለኝ። ስለቀው ደግሞ ወይ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ ወይ ሞተሩ ጭጭ ይላል። ከረጢቶቹ ወንበሩን አልፈው ማጅራቴ ላይ ይወድቃሉ። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምሳ ሳይደርስ፣ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ ቁልቁል ባይ የሱሪዬ ጫፍ ይርገበገባል። እግሬ ነው፣ ብርክ ይዞታል። ፔዳሉ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ ተው ብለው አይሰማኝም። ማታ ከመኪናዋ ስወርድ በሁለት እጄ አንስቼ ነው ያወጣሁት።

ባለቤቴ ፔዳሉ ነው አለ። አብራኝ የምትሠራው ልብስ ተኳሿም የኔን ጭን በጡጫዋ እየደቃች ፔዳሉ ነው፣ እኔም ብሆን ሽባ እሆን ነበር ብላ ሳቀች። እኔም ፔዳሉ ነው አልኩ። ደጋግሜ አልኩት።

ግን የእማዬን ጫማ ታስታውሳለህ? ያኔ ገና እንደ ልቧ በምትራመድበት ጊዜ፣ ከበር እስከ ሳሎን በአንድ ጫማ ትመጣና ግራው ውጭ መቅረቱን አታውቀውም ነበር። ኧረ ጫማሽ! ብለን በሳቅ ስንፈርስ እሷም አብራን ትስቃለች። አባዬ ነፍሱን ይማረውና እኔ ያገባሁት ባለ አንድ ጫማ ነው እያለ ለእንግዳ ሁሉ ይናገር ነበር። አንተ ጫማዋን አንስተህ እየሮጥክ ስታመጣ ደስ ይልህ ነበር። ከዚያ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ግድግዳ መያዝ፣ ከዚያ ምርኩዝ፣ ከዚያ ወንበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማ የቀለደ ሰው ቤታችን ውስጥ አልሰማሁም።

ሐኪሙ አንተን ለብቻህ ያስጠራህ ቀንም ከዓይኔ አይጠፋም። ስትወጣ መነጽርህን በሸሚዝህ ጫፍ እየጠረግህ ነበር። የእርጅና ነገር ነው፣ በዘር የሚሄድ አይደለም አልከኝ። እኔ እኮ ስለ ዘር አልጠየቅኩህም ነበር ጋሼ።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ ይቺ ልጅ ለየላት ትላለህ። ባለቤቴ አንድ ጠዋት እኔን ሥራ ሊያደርስ መሪ ጨብጦ ያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ገባ። ሲደርስ ላብ በላብ ሆኗል፣ ሞተሩ ሁለቴ ጠፍቶበት ተሰድቧል። የኔ ጥፋት ነው፣ ዛሬውኑ ይቀየር አለ። እኔ ግን አይሆንም አልኩት! ለምጄዋለሁ፣ ይቅር፣ ጥሩ ነው አልኩ። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ለቀስ በል ደውሎ ሲነግረው እሱም ይቺን ሴት ምን ነካት አለ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ያ ደረቅ ፔዳል መኪናዋ ውስጥ እስካለ ድረስ የእግሬ መንቀጥቀጥ ምክንያት አለው። ለስላሳው ገብቶ እግሬ አሁንም ቢንቀጠቀጥስ? ያኔ በማን ላይ አላክካለሁ? ባለቤቴ የእማዬ የእግር ሕመም እንዴት እንደጀመረ አያውቅም። አልነገርኩትም። እርጅና ነው ያልከኝን እኔም ለእሱ እርጅና ነው አልኩት።

እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ። በየቀኑ ዳገቱ ላይ ስደርስ ነፍሴ ትጨነቃለች። ባለፈው ሳምንት የፈራሁት ደረሰ። ሞተሩ ጠፋና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ግራ እግሬን ተነስ ብለው እንቢ አለኝ፣ ቀኝ እግሬም ግራ ተጋብቶ ፍሬኑን ሳተ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጎትቼ ሳቆማት ከኋላዬ ጋሪ የሚገፉ ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸውና በመኪናዋ መካከል ክንድ የማይሞላ ክፍተት ነው የቀረው። ሊሰድቡኝ መጡ ብዬ ስሸማቀቅ በመስኮት ጎንበስ ብለው ልጄ ደህና ነሽ? አሉኝ። እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰው ከምገድል እውነቱን ልወቀው ብዬ መኪናዋን በራሴ እጅ ወደ ቀስ በል ወሰድኳት።

ይኸው ዛሬ ሁለተኛው ፍሪሲዮን ገባ። ይህን የምጽፍልህ ጋራዡ ግቢ ውስጥ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ባለቤቴና ቀስ በል እጃቸውን እየታጠቡ ሞክሪያት እንጂ ይሉኛል። ወረቀቴን ልጨርስ አልኳቸው። እግሬን ወንበሩ ስር አጥፌዋለሁ። ፔዳሉን ገና አልነካሁትም፣ እንደ እባብ ነው የማየው። ቤት ስገባ እጨርስልሃለሁ።

አሁን ቤት ነኝ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ።

ረገጥኩት ጋሼ። እንደ ትራስ ነው። እግሬ አልተንቀጠቀጠም! መብራቱ ላይ ቆምኩ፣ ተነሳሁ፣ አሁንም ጸጥ። ዳገቱን ስወጣ ከረጢት ሙሉ አንሶላ የጫንኩ ሳልሆን ላባ የጫንኩ መሰለኝ። ባለቤቴ ከጎኔ አጨበጨበ። ፔዳሉ ነበር! ፔዳሉ ነው ብያችሁ ነበር! እያልኩ ጮህኩ፣ ሳቅኩ፣ ለአንተም ይህን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ልጽፍልህ በልቤ ወሰንኩ። መኪናዋን ደጃችን አቁሜ ቁልፉን እያሽከረከርኩ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ባለቤቴ ከታች በሳቅ ሲፈርስ ሰማሁት። እመቤቲቱ፣ የረሳሽው ዕቃ የለም ወይ? ይላል። ዞር ስል ግራ ጫማዬን ወደ ላይ አንስቶ ያሳየኛል። መኪናዋ በር ሥር ነው ያገኘው። ደረጃው ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ አርሶታል፣ ይቀዘቅዛል። ቀኝ ጫማዬን አውልቄ ስረግጠው ነው ቀኝ እግሬ ቅዝቃዜውን የነገረኝ። ግራው ምንም አላለኝም።

እሱ አሁንም ሳሎን ሆኖ ይስቃል። ይሳቅ ብዬ ትቼዋለሁ፣ አሁን ወጥቼ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንተን ልጠይቅህ። ሐኪሙ ያን ቀን ምን አለህ? እውነቱን ጻፍልኝ፣ አታባብለኝ። የበሽታውን ስም ጻፍልኝ፣ እዚህ ላለው ሐኪም የማሳየው ነገር ይኑረኝ። አንተስ? ከመኪና ስትወርድ የሚያስቃስትህ ወገብህ ነው ወይስ እግርህ?

እትዬን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ሸሚዝህን መነጽር መጥረጊያ ስላደረግህባት ይቅርታ ጠይቅልኝ። ትልቁን ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ። ትንሿንም ሳምልኝና ስትሮጥ እግሯን ልብ ብለህ እያት። ጎረቤታችንን እማማን፣ ለእማዬ ወሬ ሳያቋርጡ ስለሚያመጡላት እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ለእማዬ ደግሞ አጭሩን ወረቀት አንብብላት። ስትጨርስ ግራ ጫማዋን አውልቀህ እግሯን በመዳፍህ ያዝልኝ። ሳታይህ ያዘው፣ ካወቀችው ከእኔ ነው በላት።

ታናሽ እህትህ
ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ ግንቦት 23 ቀን