በግራው ገመድ ላይ የተገኘው መቆንጠጫ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን
ከገንዳዎቹ በስተኋላ ካለው ክፍላችን

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጀምሬዋለሁ። አንድ የዋሸሁሽ ነገር አለ። እሱን ሳልነግርሽ ሌላውን ብነግርሽ ደግሞ አይገባሽም። ግን ሰላምታ ይቀድማል።

እታለም፣ ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? ወገብሽስ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ደህና ይዘውሻል? በደንብ ትበያለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ደብዳቤሽ ከቀረ አምስት ወሩ ነው። የእማዬ ጣቶች እብጠታቸው ብሶ፣ እንኳን ልብስ ልትጨምቅ የሻይ ብርጭቆውንም የምታነሳው በሁለት መዳፏ ነው። ታናሽ ወንድማችን ድምፁ ጎርንኖ፣ ሲጠራኝ የማላውቀው ሰው የገባ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

አሁን ውሸቴን ልንገርሽ። ስትሄጂ መስኮቱ ላይ የተውሽው የልብስ መቆንጠጫ ጠፋ ብዬሽ ነበር። አልጠፋም። አንሶላ ስትሰቅዪ በጥርስሽ የምትይዢው፣ የጥርስሽ ምልክት ያለበት፣ ያ የእንጨቱ። ላኪልኝ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽርጤ ላይ ቆንጥጬው በረዳትነት ስሠራ ከርሜያለሁ። እጄ ሲያዝ እኔም እንደ አንቺ በጥርሴ እይዘዋለሁ።

የልብስ አጣቢዎች ማኅበራችንን ነገር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ አሥራ ሁለት አባል፣ አሥራ ሁለት ገንዳ። ይህ የምንኖርበት ክፍል የሚሰጠው ለአባል ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እኛም ያለንበት በአንቺ አባልነት ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላሽ ሊቀመንበሯ እማዬን ጠርተው፣ የልጅሽ ገንዳ ተገልብጦ መቅረት የለበትም፣ ታናሿ በቦታዋ ትግባ፣ ካልሆነ ክፍሉን ለሌላ አባል መስጠታችን ነው አሏት። ለመግባት ደግሞ ከአባላቱ አንዷም እምቢ ማለት የለባትም። ሦስት ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፣ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ከተወጠረ አንሶላ ጀርባ። በሦስተኛውም አንድ እምቢ ከተገኘ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንሶላውን የወጠርኩት እኔ ነበርኩ። ከኋላው ሁለቱን ገመዶች አጠጋግቼ አሰርኩ፤ የቀኙ ለእሺ፣ የግራው ለእምቢ። አባላቱ እያንዳንዳቸው ከቅርጫቱ አንድ አንድ መቆንጠጫ እያነሱ ተራ በተራ ወደ ኋላ ገቡ። በመስኮቱ ብርሃን ጥላቸው አንሶላው ላይ ሲያልፍ ይታያል፤ እጃቸው ወደየትኛው ገመድ እንደሄደ ግን አይለይም። አሥራ አንድ ሰው ገብቶ ወጣ። አንሶላው ሲነሳ በቀኙ ገመድ አሥራ አንድ፣ በግራው አንድ።

ሳሙና የምንላት ቀልደኛዋ፣ ጉድ ነው፣ አሥራ አንድ ገብተን አሥራ ሁለት ወለድን አለች። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። እኔ መቆንጠጫውን ገና ሳየው አወቅሁት። ገመዱን ሳጠብቅ በጥርሴ ይዤው ነበር፤ ስጨርስ ሳላስበው የግራው ገመድ ላይ ቆንጥጬው ሄጃለሁ። የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ታውቂኝ የለ፤ ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ሲጠሩኝ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። አንሶላውን ማጠፍ ያዝኩ። ሊቀመንበሯም ገመድ ላይ የዋለ መቆንጠጫ ድምፅ ነው ብለው ጉባኤውን በተኑ።

ዝምታዬ ሰው ጎዳ፣ እታለም። ልብስ የምትተኩሰውን እትዬ ካውያን ነው የጎዳው። ያገባችው ልጇ ቤት አጥታ መቸገሯን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ክፍሉን ለልጇ ፈልጋ ሁለት መቆንጠጫ ይዛ ገባች ተባለ። ሳሙና ደግሞ ይች ካውያ የምታቃጥለው ጨርቅ ብቻ መስሏችሁ ነው ብላ ጨመረችበት። በማግስቱ ሴቶቹ ገንዳቸውን እየጎተቱ ከእሷ ራቁ። ምሳ ስንበላ ብቻዋን ቀረች። በልጆቼ አምላክ አላደረግሁትም እያለች በእንፋሎቱ ውስጥ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እኔም አጎንብሼ ጨርቅ አሸሁ። ጉባኤው ሲበተን ከገመዱ የነቀልኩትን መቆንጠጫ በእማዬ የክር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን እማዬ በእነዚያ ጣቶቿ አትከፍተውም፤ እኔም የምከፍተው በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ባለፈው ረቡዕ ነበር። ሊቀመንበሯ ማንንም አላመኑም፤ ገመዱን ራሳቸው አሰሩ፣ ቅርጫቱን ገልብጠው አሥራ አንድ መቆንጠጫ በሁላችን ፊት ቆጠሩ፣ የሴቶቹን ኪስ እንኳ ዳበሱ። ጥላው ባለፈ ቁጥር ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። አሥራ አንደኛዋ እትዬ ካውያ ነበረች። ወጥታ ተቀመጠች። ሁሉም ተቀምጧል። መስኮቱ ዝግ ነው።

ያን ጊዜ አንሶላው ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ልክ የሆነ ሰው ተጠግቶ እንደተነፈሰ። ከዚያ ጥላ መጣ። ቀጭን ነው፤ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እንዲያ የምትቆመውን እኔም አንቺም እናውቃታለን። ሊቀመንበሯ አሥራ ሁለት ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሳሙና እስከዛሬ ምንም አላየሁም ትላለች፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀለደችም። እማዬ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። በሹክሹክታ መጣች አለች። 

አንሶላውን ያነሱት ሊቀመንበሯ ናቸው። ከኋላው ሰው የለም። በቀኙ ገመድ አሥራ አንድ፣ በግራው አንድ። የግራውን ነቅለው፣ ወደ ቅርጫቱ መልሺ ብለው እጄ ላይ አኖሩት። እርጥብ ነበር፣ ሞቅም ይላል፣ አሁን ከሰው አፍ እንደወጣ። የጥርሱ ምልክት አዲስ ነው፤ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ተሰንጥቋል። ሮጬ ክፍላችን ገባሁና ቆርቆሮውን በማንኪያ ፈለቀቅሁት። ክዳኑ እንደወትሮው ጥርቅም ያለ ነው። ክር አለ፣ መርፌ አለ። መቆንጠጫ የለም።

ቅርጫቱ ውስጥ አልመለስኩትም። ይህን ስጽፍልሽ ወረቀቱን የያዘልኝ እሱ ነው። ጥጉ ላይ ያለው እርጥበት እንባ እንዳይመስልሽ። ስድስት ቀን ሙሉ አልደረቀም።

እንቅልፍ ሲያጥረኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማኅበሩ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት በውኃ ማፍያው በርሜል አጠገብ ተሰቅሎ እንፋሎት ቢጫ አድርጎታል፤ ማንም አያነበውም፣ ሁሉም በቃል ነው የሚያወራው። ትምህርቴ እንደምታውቂው ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሁለት ዓመት የሚል ነገር የለበትም። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ የሚለው ይህን ነው፦ አባል የሚወጣው በጉባኤ ፊት በራሱ አንደበት ሲሰናበት ነው፤ ያልተሰናበተ አባል ቦታው አይተካም፣ ድምፁም አይታለፍም።

አንቺ አልተሰናበትሽም። የሄድሽው ማልደሽ ነው፣ እኔንም ሳትቀሰቅሺ። ከሁላችን አንድ ሰው እንኳ፣ ቦታሽን ትለቂያለሽ ወይ ብሎ አልጻፈልሽም። እኔም አልጻፍኩልሽም። ደንብ ደንብ እያልን፣ ባለቤቷ ሳትጠየቅ በገንዳዋ ላይ ድምፅ ሰጠን። እምቢ ብትዪ ምን ይገርማል?

እባክሽ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ባለፈው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የት ነበርሽ? እጅሽ ወደ ላይ ተዘርግቶ ነበር? አፍሽ ውስጥ የእንጨት ጣዕም መጥቶብሽ ነበር? ሌላ ምንም አትጻፊ፤ አለሁ የምትል አንዲት ቃል ትበቃናለች። እማዬ የሞተ ሰው ጥላ የለውም ትላለች። እኔም ይህንኑ ቃሏን ይዤ ነው የምተኛው።

እማዬ ግንባርሽን ትስምሻለች፤ ሳልሽን በሙቅ ውኃ ታጠኚ ትልሻለች። ታናሽ ወንድማችን፣ ከእሷ በቁመት በልጫለሁና ጫማዬን አስባ ትግዛ ብሏል። መካኒኩ አጎታችን ሁልጊዜ ይጠይቅሻል፣ ሚስቱም እንደዚሁ። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ፣ ባላውቃትም፣ ሰላም በይልኝ። ከታመምሽ እሷ ትጻፍልን።

ነገ ሦስተኛው ነው። አንሶላው ሳይወጠር እነሳለሁ። መጀመሪያ ወደ እትዬ ካውያ ዞሬ፣ የፊተኛው መቆንጠጫ የእኔ ነበር፣ ዝም ያልኩትም ፈርቼ ነው እላታለሁ። ቀጥዬ ሰባተኛውን አነባለሁ፣ በጣቴ እየተከተልኩም ቢሆን። በእህቴ ቦታ አልገባም፣ ከፈቀዳችሁ አሥራ ሦስተኛ አድርጋችሁ በራሴ አስገቡኝ እላለሁ። ካልፈቀዱ ክፍሉን እንለቃለን። ለእማዬ ነግሬያታለሁ፤ አልተቆጣችኝም፤ ትርፉን ብርድ ልብስ በክንዷ እየገፋች ስታጥፍ አገኘኋት።

ከዚያ መቆንጠጫሽን ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀምጠዋለሁ። አሥራ አንዱ ገብተው ሲወጡ ማንም እንዳይነሳ እለምናለሁ። ተራሽ ይጠበቅልሻል። ስምሽን የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጮክ ብዬ።

ታናሽ እህትሽ