የመምህሩ ዲስክና የእኔ ሁለት ሰዓት

ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጠዋት መምህር አስናቀ ከእንሴኖ ቡታጅራ ወዳለው የጥገና ሱቄ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ። በፎጣ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ እጃቸው ጠረጴዛውን ይፈልግ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል።

ዲስኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ነው። በየቀበሌው እየዞሩ አዛውንቶችን በመስቃንኛ ሲያስወሩ የቀዱት። መጀመሪያ በካሴት ነበር፣ ኋላ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጡት፣ ካሴቶቹን እርጥበት በላቸው። ስድሳ ሦስት ፋይል።

"ከተናገሩት ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለ አንድም የለም" አሉኝ።

አልጻፉትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ጡረታ ስወጣ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። ዓይኔ ቀደመኝ።"

ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት የእማ ዘሃራን ነው። መጀመሪያ እንሴኖ ሲገቡ ቤት ያከራየቻቸው፣ ቋንቋውን ያስተማረቻቸው ሴት።

"አይጨነቁ" አልኳቸው። አይጨነቁ! ምን አፌን ከፈተው?

ዲስኩን ሰካሁ፣ ቅጂውን አስጀመርኩ፣ ዙህር ሰግጄ ምሳ ልበላ እናቴ ቤት ሄድኩ። ወሬ ያዘኝ። ሁለት ሰዓት።

ስመለስ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መስመር ነው። መልስ የለም፣ ሪሴት። መልስ የለም፣ ሪሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ የተጎዳ ቦታ ሲደርስ ለማንበብ ይታገልና ዝም ይላል። በከርነሉ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም ውስጥ፣ ዲስኩን የሚያዘው ድራይቨር የሚባል ክፍል ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ የያዘውን ሁሉ አስጥሎ እንደ አዲስ ያስነሳዋል፣ ሪሴት የሚሉት ይሄን ነው፣ ተመልሶም እዚያው የተጎዳው ቦታ ላይ ይልከዋል። ጤነኛ ዲስክ ይችለዋል። የታመመውን ግን በተነሳ ቁጥር የሚያነብበት ክንድ እየተንገጫገጨ ይበልጥ ይጎዳዋል። ይህን አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ። አውቄ ትቼው ሄድኩ።

ነቀልኩት። አንድም ፋይል አልወጣም።

ረቡዕ

ዲስኩን አልነካሁም።

ትዕግስት ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነበርን፣ አሁን ወልቂጤ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። "ድራይቨሩን ራሱን ቀይሪው፤ ሪሴት አታድርግ በይው" አለች፣ ቀላል እንደሆነ ሁሉ። የሲስተሙ ኮድ ክፍት ነው፤ ማንም አውርዶ ሊለውጠው ይችላል። ማንም ማለት ግን እኔ ነኝ? ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥራዬ የስልክ መስታወት መቀየርና ቻርጀር አልገባ ያለ ቀዳዳ መጥረግ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ኮዱ ውስጥ የሪሴቱ ውሳኔ የሚሰጥበትን ቦታ አገኘሁት። ጥቂት መስመር ናት። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር።

መምህር ደወሉ። "በሽተኛው እንዴት ዋለ?"

"እየሞከርኩ ነው" አልኩ። ስለ ትናንቱ አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ

ሪሴቱን ዘጋሁት። የተለወጠው ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ በእኔ ላፕቶፕ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀመርኩ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል።

ጎረቤቴ ኸድር ልብስ ሰፊ ነው፣ ጄኔሬተር አለው።

"ለስፌት ነው የገዛሁት እኮ" አለ። "ይሄ ያንቺ ከርነል የሚሉት ምንድን ነው?"

"የኮምፒውተሩ አዛዥ።"

"ታዲያ አዛዥ ከሆነ ለምን አንቺ ታዢዋለሽ?" ስቆ ገመዱን በመስኮት አቀበለኝ። ከመግሪብ በፊት አለቀ። ዛሬ ደህና ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ዓርብ

መጀመሪያ በራሴ አሮጌ ዲስክ ሞከርኩት። ሠራ። ከጁምዓ መልስ የመምህሩን ሰካሁ።

አነበበ! አሥራ አንድ ደቂቃ ያለማቋረጥ። ሰባት ፋይል ሙሉ ለሙሉ ወጣ። ብቻዬን ጮህኩ፣ ኸድር ሌባ የገባ መስሎት መጣ።

ከዚያ ዲስኩ ዝም አለ። ሪሴት ስለከለከልኩ የሚቀሰቅሰው የለም። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ፕሮግራሙም አብሮ ደረቀ። በመጨረሻ ኃይሉን በእጄ ነቀልኩ። እሱ ደግሞ ከሪሴቱ የባሰ ነው፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ከዜሮ መነሳት አለበት። ቀጣዩን መነሳት ይችላል ወይ? አላውቅም። ሁለተኛ ጊዜ ጎዳሁት ማለት ነው።

ትዕግስት "ከልክዪው ስልሽ ጨርሰሽ አሰርሽው? መቆጣጠር ነው እንጂ" አለች። ተናደድኩባት። ልክ ናት።

ድራይቨሩ እንዲህ እንዲያደርግ እፈልጋለሁ፦
ሁለት ደቂቃ ይጠብቅ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ራሱ "አልቻልኩም" ብሎ ይመልሳል።
ካልመለሰ ኃይል የማይቆርጠውን ለስላሳ ሪሴት ያድርግ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።
ወደዚያው ቦታ አይመለስ። ርቆ ይዝለል።
ሁለተኛ ሪሴት ካስፈለገ እኔን ይጠይቅ።

ቅዳሜ

ወልቂጤ። ዲስኩን ቡታጅራ ቆልፌበት ላፕቶፑን ብቻ ይዤ መጣሁ። ሚኒባሱ መንገዱን ሙሉ ሲያንገጫግጨን ስለ ዲስኩ ክንድ ሳስብ ነበር።

ትዕግስት ኮዴን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

"ነዒማ፣ ሪሴቱን የምትቆጥሪው በትእዛዙ ነው ወይስ በዲስኩ?"

በትእዛዙ ነበር። ለዲስኩ አዲስ የማንበብ ትእዛዝ በተላከ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አንዴ ብቻ ያልኩት በየትእዛዙ አንዴ ይሆን ነበር፤ ያው የማክሰኞው መዓት ሊመለስ። ሳላሳያት ብሰካው ኖሮ…

አስተካከልነው። በእሷ ማሽን ግንባታው አንድ ሰዓትም አልፈጀ። ራት ላይ "ለሰውዬው ነግረሻቸዋል?" አለችኝ። ክትፎውን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

እሑድ

ተመለስኩ። አልሰካሁትም። ፈራሁ።

ሰኞ

ዲስኩ ተነሳ። አልሐምዱሊላህ።

ድራይቨሩ እንዳዘዝኩት ሆነ። የመጀመሪያው ዝምታ ላይ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። በሃምሳኛው ሰከንድ ዲስኩ ራሱ "ማንበብ አልቻልኩም" ብሎ መለሰ። የድሮው ድራይቨር ቢሆን በሠላሳኛው አስነስቶት ነበር። ዘለለና ቀጠለ። ስድስት ፋይል ሙሉ ወጣ። ሦስት በከፊል።

ከሦስቱ አንዱ የእማ ዘሃራ ነው። ከአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ደቂቃ።

የቀረውን እየፈለገ ሳለ ዲስኩ እንደገና ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ። ለስላሳው ሪሴት። መልስ የለም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ራሴ የጻፍኩት ጥያቄ መጣ፦ ሪሴት ይደረግ?

ሳላየው እንዳይደገም ብዬ ነበር ጥያቄውን የጻፍኩት። እምቢ ብል ያለው የወጣው ብቻ ነው። እሺ ብል ደግሞ… እሺ አልኩ።

አልተነሳም። የመፋቅ ድምፅ አሰማ፣ ቆመ። ኃይሉን ነቅዬ ደግሜ ሰካሁ። ምንም። ጆሮዬን አስጠጋሁት። ምንም።

አሥራ ሦስት ሙሉ፣ ሦስት ቁራጭ። ከስድሳ ሦስት።

ማክሰኞ

መምህር በጠዋቱ መጡ። ከመቀመጣቸው ተናገርኩ። ስለ ምሳው፣ ስለ ሁለቱ ሰዓት፣ ስለ ዓርቡ፣ ስለ ትናንቱ እሺታዬ። ሁሉንም።

"ያን ዕለት ብትነግሪኝ ሌላ ቦታ እወስደው ነበር" አሉ።

"አዎ።"

"የት እንደምወስደው ግን አላውቅም።" ይቅር አላሉኝም። አልተቆጡኝም።

የእማ ዘሃራን ከፈትኩላቸው። አሮጊቷ የእንሰት ዓይነቶችን ስም ትቆጥራለች፤ ይሄ ለቆጮ፣ ይሄኛው ለመድኃኒት፣ ይሄ ቅጠሉ ሲቀላ። እኔ በመስቃንኛ ያደግሁት ልጅ ግማሹን አላውቀውም። መሀል ላይ "አስናቀ፣ እየሰማህ ነው ወይስ ተኛህ?" ትለዋለች። የአንድ ወጣት ሳቅ ይሰማል። ከዚያ አንድ ስም ጀምራ ድምፁ ተቆረጠ።

መምህር አንገታቸውን ደፍተው ስሙን ጨረሱት። ቀጥለው አንድ ሌላ አሉ። ሦስተኛው ላይ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ቀረ።

"ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ" አሉ። "ግንዱ ላይ ጥቁር መስመር አለው። ስሙ… ስሙ ሄደብኝ።"

እናቴን ልጠይቅልዎት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን አይሆንም አልገባኝም። እናቴም ከተማ ነው ያደገችው።

የወጣውን ሁሉ በፍላሽ ሰጥቼ መናኸሪያ ድረስ እጃቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው "ሐሙስ እመጣለሁ" አሉኝ።

ለምን እንደሚመጡ አልጠየቅሁም፤ ስመለስ ለሚያስታውሷቸው ስሞች አዲስ ደብተር ገዛሁ።