አፌን የዘጋሁ ቀን

ልጄ ሃዳር፣ የአባቶቻችን አምላክ በበርሊን ብርድ ይሸፍንሽ። እኛ በሰደር፣ ደህና ነን፤ እህትሽ ሊኖይም ጸባ ገብታ የወታደር መለዮ ለብሳለች።

ያ ሥሩ የታከመው የፊት ጥርሴ ግን አልሆነልኝም። እዚሁ ሰፈራችን ሻአሪያ ያለው የጥርስ ሐኪም ውስጡ ቀጭን የፋይበር ዘንግ ሲያጣብቅልኝ፣ «ምራቅ ከነካው ሙጫው አይዝም፤ አፍሽን እንዳትዘጊ» ብሎኝ ነበር። ጾም ላይ ነበርኩና መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮዬ ሲወርድ ደንግጬ ዘጋሁት። ልነግረውም አፈርኩ። አሁን ዘንጉ እየተነቃነቀ ሥሩን ሰንጥቆታል፤ ማክሰኞ ይነቀላል።

አባትሽ «በዚህ ሳምንት ደግሞ የምን ጾም አለ?» ብሎ ተቆጣኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ ወር አለፈኝ፤ ለአንቺ ተስዬ ነው የጾምኩት።

ክፉ አይንካሽ፣ ዓለሜ። ስትደውዪ ቃሌ ቢያፏጭ እንዳትደነግጪ። ብቻ ደውዪ።

እናትሽ ጥሩአየሁ