ቁም ሳጥኑ ዛሬ ያንተ ነው

ዊልማር፣

ባቄላው ተቀቅሏል፤ የአሬፓውን የበቆሎ ቂጣ ጠብሰህ ልጆቹን አብላቸው። ሉሲያና ያለዚያች ሰማያዊ ጨርቋ አትተኛም፤ ትራሱ ሥር አለች። የጋዙ ሰውዬ ይመጣል። ጎረቤታችን ዶኛ ኤልቪያም እንደ ልማዷ "መቼም ቤት ነሽ" ብላ የልጅ ልጇን ጥላ መሄዷ አይቀርም። ዛሬ ቤት ያለኸው አንተ ነህ።

ትናንት እናትህ ፊት ስለጮህኩብህ...
ተወው።

ግን የምሠራለትን ሆቴል ደንበኛ በስልክ እያነጋገርኩ ቁም ሳጥኑን በርግደህ "ማሊያዬ የት አባቱ ገባ?" ስትል ሴትዮዋ ሰማችህ። አለቃዬም ሰማ። ከእንግዲህ የቤት ድምፅ ከተሰማ ስንብት ነው ብሎኛል። ቁም ሳጥን ውስጥ ኮትህን ተከናንቤ የምውለው ደልቶኝ መሰለህ? የልጆቹ ጩኸት እንዳይሰማ ብዬ ነው።

ስለዚህ የዳያና ፀጉር ቤት ነኝ፤ ስልክ እንድሠራበት ጓዳዋን ሰጥታኛለች። አትደውል።

ስወጣ ማቲያስ "እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?" አለኝ።
"ሥራ" አልኩት።
ሳቀብኝ። "አንቺ እኮ ሥራ የለሽም፤ አባዬ ነግሮኛል።"

የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም። አስረዳሁት፣ አላመነኝም። አንተን ነው የሚያምነው።

ንገረው።

ሌይዲ